በሰይድ ጨጓራ ቀናሁ

በሰው ሀብት የቀና ሰው አይቻለሁ። በሰው ቁመት፣ በሰው ጥርስ፣ በሰው ሚስት የቀናም አውቃለሁ። አጎቴ በጎረቤቱ ውሻ ቀንቶ ሰውዬውን ሦስት ዓመት ሰላምታ ነስቶታል። በሰው በሽታ የቀና ግን ከእኔ ሌላ ካለ እጁን ያውጣ፤ ማኅበር እንመሠርታለን። ያውም በከበረ በሽታ ቢሆን እሺ፣ ለወሬም ይመች ነበር። እኔ የቀናሁት በሰይድ ጨጓራ ነው።

አትቸኩሉ፣ ከሥሩ ላውጋችሁ። ያኔ የምኖረው አል-ዓሪዳ ነው፤ ከጂዛን ተነስቶ ወደ የመን ድንበር ሲወጣ የሚገኝ ኮረብታማ አገር። አቡ ፋይዝ የሚባል ጡረታ የወጣ መምህር እርሻ ላይ ከሰይድ ጋር ፍየል እንጠብቃለን፣ ማንጎ እናጠጣለን፣ የወደቀ አጥር እናነሳለን። ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ነው። መጀመሪያ ሰሞን መድፉ ሲያጓራ መሬት ላይ እንተኛ ነበር፤ ኋላ ኋላ ግን ፍየሎቹም እኛም ቀና ብሎ ማየቱን ተውነው። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለን ከእርሻው አጥር አንወጣም። ከወጣን ሹርጣ፣ ማለት ፖሊስ፣ ይለቅመናል፣ ከዚያ እስር ቤት፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ አገር። በእግር የመጣ ሰው በአውሮፕላን ሲመለስ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን ማንም ደስ ሲለው አላየሁም።

ሰይድና እኔ የአንድ ቀበሌ ልጆች ነን፣ ወሎ። ባሕሩን አብረን ተሻገርን፤ የመንን አብረን በእግራችን ቆረጥናት፤ አንዲት ጆንያ ለሁለት አንጥፈን ተኛን። ወንድሜ ማለት ነው። ወንድም ደግሞ ለመቅናት እንደሚመች ማንም አይመችም፤ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ዞር ብሎ ማየት ብቻ ነው።

ሦስተኛዋ ሰው ከዲጃ ናት። የአቡ ፋይዝ የቤት ሠራተኛ፣ የከሚሴ ልጅ፣ በኮንትራት የመጣች ባለወረቀት። እኔ ይህችን ልጅ ወድጄ ሞቻለሁ። ወድጄ ከመሞቴ በቀር ግን ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም። በስምንት ወር ውስጥ የነገርኳት ቃል በሙሉ ቢሰበሰብ «ውሃው መጣ?» እና «ውሃው ሄደ» ነው። ኮንትራቷ ደግሞ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል። ከመሄዷ በፊት «ጠብቂኝ» የምትል አንዲት ቃል ልነግራት ወስኜ፣ በየጠዋቱ ለፍየሎቹ እለማመዳለሁ። ፍየሎቹ ሁሉም እሺ ብለውኛል።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው የሰይድ ጨጓራ የመጣው።

ሰይድ ሁለት ጊዜ ሲጎርስ ይጠግባል። ሆዱ ይነፋል፣ ያገሳል፣ የበላው ሥጋ እስከ ማግሥቱ ደረቱ ላይ ተቀምጦ ይውላል። በእኛ አገር ጨጓራ አለብኝ ያለ ሰው ሁሉ ያቃጥለኛል ነው የሚለው፤ መድኃኒቱም የሚያበርድ ነው። አቡ ፋይዝ ግን ከጡረታ ወዲህ በስልኩ ሐኪም ሆኗል። አንድ ጠዋት ሰይድን ትክ ብሎ አየውና «ያ ሰይድ፣ ያንተ ጨጓራ አሲድ አንሶታል» አለው።

«አሲድ የሚያንሰው ጨጓራም አለ እንዴ?» አልኩ ከጎን።

«ምግቡን የሚፈጨው አሲዱ አይደል? ካነሰ ማን ይፍጨው፣ አንተ ትፈጭለታለህ?» አለኝ። የሰው ምግብ የመፍጨት ሐሳብ አልነበረኝም።

አቡ ፋይዝ መኪናውን አስነስቶ አቡ ዓሪሽ ከተማ ወደሚያውቀው ሱዳናዊ ፋርማሲስት ሄደ። ፋርማሲስቱ «መጀመሪያ ይመርመር» ብሎት ነበር አሉ። ወረቀት የሌለው ሰው ሆስፒታል በር ላይ የሚመረመረው ሌላ ነገር ስለሆነ፣ ምርመራው በስልክ ተደረገ። ጨጓራህ ቆስሎ ያውቃል? ደም ታስመልሳለህ? የሕመም ማስታገሻ ታዘወትራለህ? ሰይድ ሁሉንም «ላ፣ ላ፣ ላ» ብሎ አለፈ። ማታ ላይ አንድ ጠርሙስ እንክብል መጣ፤ ቤታይን ከፔፕሲን ጋር ይላል፣ ለጨጓራ አሲድ የሚያበድር ነገር ነው። ትእዛዙ አጭር ነው፤ አንድ እንክብል፣ በምግብ መሐል፣ ምግቡም ሥጋ ያለበት። ሥጋ ከሌለ እንዳይነካው፤ ያቃጥለዋል።

ሥጋ ከሌለ እንዳይነካው! የዚህን መድኃኒት ትእዛዝ የጻፈው ሰው ነፍሱ አይማርም እንዳልል፣ መሞቱንም አላውቅ።

መዳሟ፣ ማለት የአቡ ፋይዝ ሚስት፣ ለመድኃኒት ቀልድ አታውቅም። ከማግሥቱ ጀምሮ ለሰይድ ምሳ የጠቦት ሥጋ የተጫነበት ከብሳ የሚሉት ሩዝ ከቤት ይወጣ ጀመር። ሰይድ ክኒን ሲያይ የሚሸሽ ሰው መሆኑም ተደርሶበታል። ስለዚህ «እስኪውጠው ድረስ ቁመሽ ተመልከቺ» ተብላ ሳህኑን የምታመጣው ማን መሰለቻችሁ? ከዲጃ። ቆማ እንኳ አይደለም፤ ጀሪካን ገልብጣ ትቀመጣለች።

የእኔ የውሃ ተራ ደግሞ ልክ በምሳ ሰዓት ነው። ሞተሩ አጠገብ ቆሜ አያቸዋለሁ። ሰይድ ይጎርሳል፣ እጁን እያወናጨፈ ያወራል፣ ከዲጃ አፏን በሻሿ ይዛ ትስቃለች። ሞተሩ ዱግ ዱግ ይላል፣ አንዲት ቃል አትሰማም። በአሥር ደቂቃ የሚዋጥ ክኒን አርባ ደቂቃ ፈጀ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰዓት ገባ። ማንጎዎቹ የተረሱት ያኔ ነው፤ አንዱ ዛፍ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ሲቆም፣ ሌላው ጠብታ አላገኘም።

«ምን ስታወሩ ነው ይህን ያህል?» አልኩት ሰይድን ማታ፣ ግድ የማይሰጠኝ ለመምሰል ጫማዬን እየጠረግሁ።

«ምንም፤ ወሬ ነዋ» አለና ፈገግ አለ።

ያቺን ፈገግታ ምነው ባላየኋት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ጠርጥሬም ተመነጠርኩ። ደግሞ የሚያናድደው፣ ከሥጋው ግማሹን ሳያስቀርልኝ ውሎ አያውቅም። በቅጠል ሸፍኖ ያመጣልኛል። ሰው ሲቀና ጠላቱ ክፉ ቢሆንለት ምን አለበት! የሰይድ ደግነት ቅናቴን እንኳ በደንብ እንዳልቀና ከለከለኝ። ሥጋውን ተቆጥቼ እበላዋለሁ፣ ከዚያ ጣቴን እልሳለሁ፣ ከዚያ እንደገና እቆጣለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት መፍትሔው ታየኝ። ሰይድ ከዲጃን ያገኘው በመልኩ አይደለም፤ መልካችን እኩል አስቀያሚ ነው። ያገኘው በማግሳቱ ነው። እኔስ ማግሳት ማን ከለከለኝ?

ጀመርኩ። መጀመሪያ ደረቅ ደረቁን ሞከርኩ፤ የሚወጣው የጉንፋን ድምፅ ነው። ኋላ ለስላሳ መጠጥ በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ ለመድኩ። አየር መዋጥ ለመድኩ። አገጭን ወደ ደረት ሰብሮ ከሥር መግፋት የሚባል ዘዴም ደረስኩበት። በአምስት ቀን ውስጥ የማገሳው ግሳት በማዶው መድፍ ያልደነገጠ ፍየል አስደነገጠ። እንግዲህ ሰው አገሩን ጥሎ፣ በረሃ አቋርጦ፣ ሰው አገር ገብቶ የሚማረው ሙያ ይህ ይሁን?

አቡ ፋይዝ አጥር ጋ ሲያልፍ ጠብቄ አንዱን ለቀቅኩለት። ቆመ።

«ምን ሆነሃል አንተ ደግሞ?»

«ያ አቡ ፋይዝ፣ ሁለት ስጎርስ እጠግባለሁ። ሥጋማ ጭራሽ አይፈጭልኝም» አልኩ። ሰይድ ከሚያስቀርልኝ ሌላ ሥጋ አግኝቼ የማውቅ ይመስል።

አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «እንፈትሽሃለን። ነገ ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ቤት ና።»

ያን ቀን ጀሪካን አጠብኩ፤ ከዲጃ ስትመጣ የምትቀመጥበት የራሴ ጀሪካን።

በማግሥቱ በረንዳው ላይ ቀረብኩ። አቡ ፋይዝ ሰዓቱን አውልቆ ይዟል፤ መዳሟ በመስኮት ትመለከታለች፤ ከዲጃ በትሪ ላይ አንድ ብርጭቆ ይዛ ቆማለች። ውሃ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ ተበጥብጦበታል። ፈተናው እንዴት እንደሆነ አልጠየቅሁም። አንድ ነገር ጠጥተህ ሰው ሰዓት ይዞ ሆድህን ሲያዳምጥ፣ የሚጠበቅብህ ማግሳት እንደሆነ ማንም ሕፃን ያውቃል ብዬ ነው።

ጨለጥኩት። አገጬን ወደ ደረቴ ሰበርኩ። ከዲጃን አንዴ አየሁና ከሥር ገፋሁ።

እናንተዬ፣ በሕይወቴ እንደዚያ አግስቼ አላውቅም። አንዱን ብዬ ሳልጨርስ ሁለተኛው መጣ፤ ሦስተኛውን እኔም አላዘዝኩት። እርግብ ከጣሪያው ተነስታ ሄደች። ወገቤን ይዤ፣ ውጤቱን እንደሚጠብቅ ተማሪ ቀና አልኩ።

አቡ ፋይዝ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ። «ማሻአላህ! ያንተ ጨጓራ የባትሪ ውሃ ነው እንዴ? አሲድስ ሞልቶ ተርፎሃል!»

«እንዴት?»

«ሶዳው አሲድ ሲያገኝ ነዋ አየር የሚሆነው። አሲድ ያለው ያገሳል፣ የሌለው ዝም ይላል። ሰይድ ያን ጊዜ አምስት ደቂቃ ሙሉ ጭጭ ነው ያለው።»

ሰይድ ሲፈተን እኔ ፍየሎቹ ጋ ነበርኩ፤ ማን ነገረኝ! ፋርማሲስቱ ኋላ ሰምቶ «ይህ የቤት ፈተና አይታመንም» ብሎ አቡ ፋይዝን ተቆጥቶታል አሉ፤ ለእኔ ግን ምን ይፈይድልኛል። አምስት ቀን ሙሉ የተለማመድኩት ለመውደቅ ኖሯል። ዝም ብል ኖሮ አልፌ ነበር፤ በዝምታ ደግሞ የሚስተካከለኝ አልነበረም፣ ስምንት ወር ዝም ያልኩ ሰው ነኝ። ከዲጃ ትሪውን መሬት ጥላ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ሳቋ እንዴት እንደሚያምር ከቅርብ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ምነው በሌላ ሰው በሆነ።

ብልህ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ሰይድን የሚፈልጉት ክኒኑን ስለሚውጥ ነው። ክኒኑን ከዋጥኩ በኋላ ዋጥኩ ብል ምን ያመጣሉ? ክኒን የዋጠ ሰው ደግሞ ሥጋ ግድ ነው፤ ትእዛዙ ነዋ። ሥጋ ከመጣ አምጪዋም ትመጣለች። ሒሳቡ ሲታይ አንድ ስሕተት የለውም።

ሰይድ ፍየል ሊመልስ ከማደሪያ ክፍላችን ሲወጣ ጠርሙሱን ከትራሱ ሥር አወጣሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ስለ ሰው ክኒን ግን የተባለ ነገር የለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አንዱ ለሰይድ ከበቃ፣ ወደ ኋላ ለቀረሁት ለእኔ ሦስት ይገባኛል። ሦስቱን በባዶ ሆዴ፣ በትናንት ደረቅ ቂጣና በሸጣ፣ ማለት በዚያ በሚያንገበግበው የቃሪያ ድልህ፣ አወረድኳቸው።

እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ አለ የአገሬ ሰው። ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ ደረቴ ውስጥ አንድ ሰው ከሰል አቀጣጠለ። ተቀመጥኩ፣ ባሰ። ተኛሁ፣ ባሰ። ተንበረከክሁ፤ ፍየሎቹ መጥተው ከበቡኝ። ስቃይ የሚባለውን በየመን በረሃ አይቼ የጨረስኩ ይመስለኝ ነበር። «ሰይድ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሲጨንቀው የሚጠራው ያንኑ የሚቀናበትን ሰው ነው።

ሰይድ ሮጦ መጣ። የተከፈተውን ጠርሙስ አየ፣ ሸጣውን አየ፣ እኔን አየ። ውሃ አምጥቶ አጠጣኝና ወደ ቤት እየጮኸ ሮጠ። አቡ ፋይዝ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ መጣ፤ ፋርማሲስቱ ከዚያኛው ጫፍ ሲጮህ ለእኔም ይሰማኛል። ውሃ በደንብ ይጠጣ፣ ወተት ስጡት፣ ደም ካስመለሰው ወይም ካልበረደለት አሁኑኑ ሆስፒታል። አቡ ፋይዝ የመኪናውን ቁልፍ አወጣ።

«ያ አቡ ፋይዝ፣ መንገድ ላይ ሹርጣ አለ» አለ ሰይድ።

«ይኑር! ከሚሞትብኝ ቢታሰር ይሻላል» አለ ሽማግሌው።

ሰይድ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ።

«አንተ ወዴት ነህ?» አልኩት እየቃተትሁ።

«አብሬህ ነዋ። ብቻህን ልትያዝ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያኔ ነው ያፈርኩት። ማፈር ግን እንደ ወተት አያበርድም። ቢሆንም ወተቱ አበረደ። በመጠኑ ቀለለኝ፣ መቃተቱን ተውኩ፣ አቡ ፋይዝም ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ለመዳሟ ሊነግራት ገባ። ሰይድ በካርቶን ያራግብልኝ ጀመር።

«አንተ ደደብ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስለ ማን የማወራት ይመስልሃል?»

«ስለ ጨጓራህ?»

«ስለ አንተ ነው! ወላሂ፣ በየቀኑ ስለ አንተ ነው የምትጠይቀኝ። ያ ዝምተኛው እንዴት ነው፣ ጠባዩ እንዴት ነው፣ ቤተሰቦቹ እነማን ናቸው። በአፍህ እስክትነግራት ድረስ እንዳልነግርህ አስምላኛለች። አሁን ስማኝ፤ የመጀመሪያ ባሏን የፈታችው ቀናተኛ ስለነበረ ነው። እኔ ደግሞ ምን አልኳት? እሱ? ቅናት የሚባል ነገር በሰፈሩም አያልፍም አልኳት። ኸላስ፣ አደራህን አታዋርደኝ፣ እየመጣች ነው።»

ቀና ስል ከዲጃ ሁለተኛ ብርጭቆ ወተት ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሰይድ ብድግ ብሎ ወጣ። ገልብጬ ያጠብኩት ጀሪካን ላይ ሳይሆን መሬቱ ላይ፣ አጠገቤ ተቀመጠች። ወተቱን ሰጠችኝ። ጠጣሁ።

«በረደልህ?»

«በረደልኝ።»

«ጨጓራህ ደህና ነው ተብለሃል። ለምን ዋጥከው?»

ስምንት ወር የጠበቅኩት ሰዓት ይኸው መጣ። እሷ አጠገቤ ናት፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ከእኔ አንዲት ቃል ብቻ ይጠበቃል። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። የሰይድ ማስጠንቀቂያ ግን ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

«ቀንቼ» አልኩ፤ ሳላስበው አመለጠኝ።

ትክ ብላ አየችኝ። «በምን?»

እዚህ ላይ ደነገጥኩ። የቀድሞ ባሏ ታየኝ፣ የሰይድ መሐላ ታየኝ። የቤቱን ጣሪያ እያየሁ «በሥጋው» አልኩ።

«በሥጋው?»

«አዎ፣ በሥጋው። ሥጋ አምሮኝ ነው። ሌላ ምንም የለበትም፣ ወላሂ!»

ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ውስጡን አየችው፣ በሻሿ ጫፍ ከንፈሩን ጠረገችው። «የድሮው ባሌ የሚቀናው በስልኬ፣ በጫማዬ፣ በእናቴ ነበር። ቀንቶም የሚመታኝ እኔን ነው። እኔ እንኳ…» አለችና ተነሣች። «እኔ እንኳ ዛሬ በእኔ የቀናህ መስሎኝ፣ የራስህን ጨጓራ እንጂ እኔን አለመንካትህ ገርሞኝ ነበር የመጣሁት። በል አላህ ያሽርህ።»

ወጣች። «በአንቺ ነው! ከዲጃ፣ በአንቺ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ነገር ግን በዚያው ቅጽበት ሰይድ የውሃውን ሞተር አስነስቶ ኖሯል።

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት ሳህን ከቤት ወጣ። የተሸከመው ግን አቡ ፋይዝ ራሱ ነው። ትልቁን፣ ሥጋው የተቆለለበትን፣ ፊቴ አስቀመጠልኝ።

«ከዲጃ ነገረችን። ሥጋ አምሮህ ኖሯል! ምነው ብትናገር ያ ወለድ? እስክሄድ ድረስ በየቀኑ ሁለት ሳህን ሠርቼ እልካለሁ ብላለች። እሷ ግን ሻንጣዋን ማሰናዳት ጀምራለች፣ የማመጣው እኔ ነኝ።»

ሰይድ ክኒኑን ውጦ አንገቱን ደፋ። እኔ ሥጋዬን በላሁ። የጠቦት ሥጋ ነው፣ በደንብ የበሰለ። እስክትሄድ ድረስ በየቀኑ በላሁት፤ ጨጓራዬም አንድ ቀን እንኳ ሳይከብደው ሁሉንም ፈጨው።